ከካሴቱ የጎደለ ድምፅ

ወልቂጤ፣ የካቲት 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለኪዱ፣
ቡታጅራ

ሰላምታው ይቆየኝና በቅድሚያ ስለ እኔ የሚወራውን ላቅና። «ዘነበወርቅ የአገሯን ሴቶች ድምፅ ሰጥታ ቴፕ ተቀበለች» የሚባለው ሐሰት ነው። ቴፑን የሰጠኸኝ አንተ ነህ፤ የሰጠኸኝም ለመስቀል ነው። ሴቶቹን የቀረጽኋቸው ደግሞ ቴፑ ቤቴ ከገባ በኋላ፣ በኅዳር ነው። ገና ላልታሰበ ሸቀጥ ማን አስቀድሞ ይከፍላል? «ጆሮዋ ደክሟል፤ ምን እንደ ቀረጸች እንኳ አታውቅም» የሚሉም አሉ። እነዚህኞቹ አዝነውልኝ ነው፤ ቢሆንም ተሳስተዋል። ጆሮዬ ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም ጆሮዬ ደህና በመሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንዴት ከረምህ? ሚስትህስ? ልጆቹስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ከጥገና ከተመለሰ ወዲህ ቴፑ እንዴት እንደሆነ ለጠየቅኸኝ፣ የግራው ስፒከር መንሾካሾኩን ትቷል። «ቤዝ» የምትለውን ቁልፍ ስጨምረው ግን የሰው ድምፅ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ስለዚህ መካከል ላይ ትቼዋለሁ። እንዳልኸኝ ስፒከሮቹን ነቅዬ አንዱን ከመስኮቱ ሥር፣ ሌላውን ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ሳኖራቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን እቤቴ ገብተው የተሰለፉ መሰለኝ፤ ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ። ይህን ወድጄለታለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር የባትሪ ድንጋይ እንደ ቆሎ መቃሙን ግን አልወደድሁለትም። ካሴት ከካሴት በፍጥነት የሚገለብጠውን ቁልፍ ነክቼው አላውቅም። አንተ ታውቅበታለህ። ጉዳዬም እሱ ነው።

ባለፈው ሐሙስ አሚኑ ከዚህ ወደ አገና በሚነዳው ሚኒባስ ውስጥ አንድ ካሴት ተከፈተ። አገና ያሉት የመንደራችን ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የዘፈኑት ነው። እኔ አልተሳፈርሁም፤ ከዘፈኑት አንዷ የሆነችው የናዝሬት ባል ተረፈ ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር። ናዝሬት ስሙን ጠርታ የዘፈነችው መጣ፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

በገበያ መሐል ዱላውን ሲያዞር፣
ጅብ የጮኸ ለታ ከኋላዬ ሊያድር።

ሰው እስከ አገና ድረስ ሳቀበት። «ተረፈ፣ ዛሬ ደግሞ ጅቡ ቢመጣ ከማን ኋላ ልታድር ነው?» አሉት። እሱም ቤቱ እንደ ገባ ሚስቱን ከነልጇ ወደ አባቷ ቤት ሰደዳት። እስካሁን እዚያው ናት።

እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ እንደማይደርስ ታውቃለህ። ሴት እዚያ ያለችው እዚያ ይቀራል። ባሏን በዘፈን ትሰድበዋለች፣ አማቷን ታማታለች፣ ማታ ቤቷ ገብታ ለሁለቱም እራት ታቀርባለች። ብዙ ትዳር የቆመው በዚህ ነው። ቴፑን ይዤ ስሄድ ከድጄ፣ ዘፈኑን የምታወጣው፣ «ከወንድ ጆሮ እንዳይገባ» አለችኝ። መማል ስለማልወድ ቃሌን ሰጠሁ። ቃሌ እንደሚበቃቸው ነገሩኝ።

ካሴቱ ከቤቴ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስፒከሩ ይንሾካሾካል ስልህ አላመንህም፤ «የቀረጹበትን ይላኩልኝና በጆሮዬ ልስማው» አልህ። በቴፑ ውስጥ እንዳለ ላክሁት። እዚያ ቦታ እኮ ወንድ ሕፃን ከእናቱ ጋር ይገባል። አንተም በጀርባዬ ታዝለህ ገብተሃል፤ ያን ጊዜ በአገራችን ቋንቋ «አዶት»፣ እናቴ፣ ትለኝ ነበር። ካሴቱን ስልክ ያሰብሁት ያንን ልጅ ነው። የተቀበለው ግን ነጋዴ ሆነ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ካሴቱ ከአንተ በቀር በማን እጅ ገባ?

አክስትህ፣
ዘነበወርቅ


ቡታጅራ፣ የካቲት 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ቅባት ይቀቡት እንጂ አክስቴ፤ በሚመጣ ሰው እልክልዎታለሁ። እኛ በጌታ ቸርነት ደህና ነን። ልጆቹ ስምዎን ሳይጠሩ አይውሉም።

ስለ ካሴቱ የጻፉት በጣም አሳዘነኝ። ሱቅ ነው፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ቴፑን ጠግኜ ስሞክረው ደጁ ላይ የቆመ ሁሉ ጆሮውን ጣለ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ጥፋቱ የቴፑ ጥራት ነው! ሁለቱ ማይክሮፎኖች የዋዛ አይደሉም። የመፋቂያው ድምፅ በአንድ በኩል፣ ሳቁ በሌላ በኩል፣ የሕፃኑ ልቅሶ ደግሞ ከመሐል። ስቱዲዮ ነው የተቀረጸው ብሎ የተከራከረኝ አለ። አንዱ መጥቶ ሳላይ ገልብጦት ይሆናል። ዛሬ ካሴት ከተከፈተ ማን ያቆመዋል?

ደግሞስ ምን ነውር አለበት? ጊዜው ተለውጧል። የየብሔረሰቡ ባህል ይተዋወቅ እየተባለ ባለበት ዘመን የእኛ ሴቶች ድምፅ ተደብቆ መቅረት አለበት? ከአዲስ አበባ የመጡ የአገራችን ልጆች ሰምተው እንባቸው መጣ። ተረፈም ቢሆን ቀልድ ለምን አያውቅም? ይስቃል፣ ያልፋል። ሚስቱንም ይመልሳታል፤ የት ይደርሳል?

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ባይሄድ ጥሩ ነው። ትንሹን ነገር ትልቅ ያደርገዋል። እርስዎን እንደሆነ ማንም ጣቱን አይቀስርብዎትም፤ ድምፅዎ እኮ የለበትም።

አሁን ሲዲ የሚያጫውት፣ ባለ ሪሞት፣ ቁጭ ብለው የሚያዙት ቴፕ መጥቶልኛል። ድምፁ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ለፋሲካ አንዱ የእርስዎ ነው።

የሚወድዎት ልጅዎ፣
ኪዱ


ወልቂጤ፣ የካቲት 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለኪዱ፣

ደብዳቤህን ሳነብ ቀይ እስክሪብቶ ለማንሳት እጄን በላኝ። ቅባቱ ይቅርብኝ፤ ቅቤ አለኝ። ባለ ሪሞቱም ይቅርብኝ። እስከ ቴፑ ድረስ ተነስቶ መሄድ አላቃተኝም።

«ድምፅዎ የለበትም» አልኸኝ። እኔ የሚሸጠውን ካሴት ገና አልሰማሁትም ነበር። የተቀረጸው ላይ ግን ድምፄ አለ፤ በደንብ አለ። ታዲያ ሳታየው አንዱ የገለበጠው ካሴት ውስጥ እኔ አለመኖሬን ማን ነገረህ?

መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሱቅ ገዛሁት። ያው ያንተ ቴፕ ባለ ሁለት ካሴት አይደል? የራሴን በአንዱ በኩል፣ የተገዛውን በሌላው በኩል ከትቼ፣ እያቆምሁ እያስኬድሁ አስተያየኋቸው። ጎኖቹ ልክ ናቸው፤ አንተ እንዳልኸው የሕፃኑ ልቅሶ እንኳ ከመሐል ነው። ከድጄ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ የናዝሬት ይመጣል፣ ይሳቃል። ከዚያ ቀጥሎ የእኔ መሆን ሲገባው ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማና ሳቁ ከመካከሉ ተጎርዶ የሌላ ሴት ግጥም ገባ። ጆሮው የደከመ ሰው ያልፈዋል። መጀመሪያ ላይ ቀኑንና ቦታውን የተናገርሁትም የለም። እምድብር ያስተማሩኝ መነኮሳት በቃል ጽሕፈት አንዲት ቃል የዘለለችን ልጅ ገጹን በሙሉ እንደገና ያስጽፏት ነበር። ጎዶሎ አያመልጠኝም።

የተቆረጠውን ካላስታወስኸው ይኸውልህ፦

ያሳደግሁት ልጄን ናፍቄው ብጠራው፣
የሚዘፍን ሣጥን በእሱ ፈንታ ጫነው።

አዎ፣ ስለ አንተ ነው። በመስቀል የመንደሩ ልጅ ሁሉ ከያለበት ሲገባ አንተ አልመጣህም፤ ቴፑ መጣ። እናቶች ሁሉ ስለ ባልና ስለ ልጅ ሲዘፍኑ እኔም ወንድ በማይሰማበት ቦታ ሆድ የባሰኝን አልሁት። ሳቁልኝ፤ ቀለለኝ። ቤቴ ስገባ ረስቼው ነበር።

የተረፈን ነውር ለመንገደኛ ሸጥህ፤ የራስህን ግን ቆረጥህ። ሻጩ ሌላ ሰው ቢሆን እኔን ለምን ይቆርጠኛል? ማንነቴን በምን ያውቃል?

የቆረጥኸውም ምን እንዳመጣብኝ ስማ። ትናንት ከድጄ መጣች። ደጄ ላይ ቆመች።

«ግቢ እንጂ» አልኋት።

«ምን ልሁን ብዬ? ያ ሣጥንሽ ይዞኝ ደግሞ ቡታጅራ ሊያዞረኝ?»

«ከድጄ፣ እኔ አልሸጥኋችሁም።»

«ሁላችንም አለንበት። እኔ አለሁ። የወንድሜ ሚስት አለች። ይቺ ምስኪን ናዝሬት አለች። ያንቺ የታለ? አልዘፈንሽም? ወፍ በላው?»

ያን ጊዜ ገና ካሴቶቹን አላስተያየሁም ነበር።

«ራስሽን አውጥተሽ እኛን ሸጥሽ» አለችኝ። «ወላሂ፣ እኔ ደግሞ የተማረ ሰው አይዋሽም ስል!»

ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ሴት ናት። ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ሄደች።

ሴቶቹ ከመፋቂያው ቦታ አግደውኛል። ለቅሶ ቤት ብሄድ ከአጠገቤ ይነሳሉ። ናዝሬትም ከአባቷ ቤት አልተመለሰችም፤ ተረፈ «የሸጠችኝ ሴት ሳትታወቅ ሚስቴ ወደ ቤቴ አትገባም» ብሏል። እንግዲህ ጉዳዩ እንዳንተ ምክር አልሆነም፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። የካቲት 29 ቀን፣ እሑድ፣ አገና። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። መጥተህ በእነሱ ፊት «እሷ ሳታውቅ የሸጥሁት እኔ ነኝ» በል። እኔ ከሐሜት እወጣለሁ፤ ናዝሬትም ቤቷ ትገባለች።

አክስትህ፣
ዘነበወርቅ


ቡታጅራ፣ የካቲት 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ ስወድቅ ስነሳ ነው ያደርኩት። ከእርስዎ ፊት መዋሸት ድሮም አልሆነልኝም። አዎ፣ እኔ ነኝ። አስቤበት አልነበረም። የሰማ ሁሉ «አንድ ገልብጥልኝ» ሲለኝ ገለበጥኩ፤ ከዚያ ከወልቂጤ የመጣ ነጋዴ ብዙ አዘዘኝ። የተረፈን ስም የሚያውቅ ሰው ይሰማዋል ብዬ አልገመትኩም።

የእርስዎን ያወጣሁት ግን ለክብርዎ ብዬ ነው። የታወቁ መምህር ነዎት፤ በየመኪናው ሲዘፍኑ ቢሰሙ ምን ይባላል? እርስዎ እንደሚሉት ስለ ራሴ ብቻ አይደለም። ስለ ራሴ ያሰብኩት ካለም ትንሽ ነው። እዚህ በቤተ ክርስቲያን ሰው ያከብረኛል፤ ያሳደገችውን ሴት የረሳ መባል ለማን ይጠቅማል? መስቀል ላይ ያልመጣሁት ጠልቼዎት አይደለም። ሥራ ነው። ዓመት በዓል ሲሆን ነው ዕቃ የሚሸጠው።

ለእሑድ መምጣት አልችልም። የግብር ሰዎች ሰሞኑን ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ነው፤ ዘግቼ ብሄድ ጉድ ይፈላል። ግን አልተውኩዎትም። ለሽማግሌዎቹ ደብዳቤ ጽፌ አሽጌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ይስጡልኝ። ማንንም በማይጎዳ መንገድ ነው የጻፍኩት። ጉዳዩ በዚህ ያልቃል።

ይቅር ይበሉኝ። ባለ ሪሞቱን ለይቼ አስቀምጬልዎታለሁ።

ልጅዎ፣
ኪዱ


ወልቂጤ፣ የካቲት 24 ቀን 1990 ዓ.ም.

ኪዱ፣

ደብዳቤ አልጠየቅሁህም። ራስህን ነው። ለሽማግሌዎቹ የጻፍኸውን አልከፈትሁትም፤ የሰው ደብዳቤ አልከፍትም።

ና።

ዘነበወርቅ


ወልቂጤ፣ የካቲት 30 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለኪዱ፣

ሳትጠይቀኝ ልንገርህ፤ አልታመምሁም። እሑድ ማታ ሱቅህ አጠገብ ካለው ስልክ ወደ ጎረቤቴ ቤት ደውለህ ስለ ጤናዬ ብቻ ጠይቀህ ዘጋህ አሉኝ። ምን ሆነ ብለህ አልጠየቅህም። ቢሆንም ምን እንደሆነ ማወቅ አለብህ።

እስከ እኩለ ቀን ጠበቅንህ። መኪና በቆመ ቁጥር ዞሬ አየሁ። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ «እንግዲህ የሱን ቃል እንስማ» ብለው ደብዳቤህን አስከፈቱ። አንድ ወጣት አስተማሪ አነበበው። «አክስቴ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ካሴቱን በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው ልከውልኛል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የመጣልኝን እሸጣለሁ። ካጠፋሁ እናንተ ይቅር በሉኝ።»

ልጁ አንብቦ ሲጨርስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከድጄ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ቃላቱን አንድ በአንድ መረመርኋቸው። በገዛ እጄ መላኬ እውነት ነው። በፈቃዴ መላኬም እውነት ነው። «ለጥገና» የምትል ቃል ብቻ ጎደለች። እጅህ መቁረጥ ለምዷል።

ልጅ ሳለህ ትዋሽ ነበር፤ ሁሉም ልጅ ይዋሻል። እኔን መሸሸጊያህ አድርገህ አታውቅም ነበር እንጂ። አንተ ቡታጅራ ተከብረህ እንድትቀመጥ እኔን አገና ላይ አስቀመጥኸኝ።

የካቲት 20 ቀን የላክህልኝ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ያወጣሁት አስቤበት ነው፤ በንዴት አይደለም። አስተማሪው ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ «ተወው፣ እኔ አነባለሁ» አልሁት። ሰላምታውን አነበብሁ፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ያልኸውን አነበብሁ፣ የግብር ሰዎቹን አነበብሁ፣ ባለ ሪሞቱን አነበብሁ። አንድም መስመር አልዘለልሁም። ስለ አንተ የሚወስኑትን ራሳቸው ይልኩብሃል፤ ከእኔ አትሰማም።

እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ተረፈ ግን ተነሳ። «ወይዘሮ ዘነበወርቅ አለመሸጣቸው ታወቀ፤ ደግ። እኔ ግን ገና መኪና በገባሁ ቁጥር ጅብ ይጮህብኛል። ተሳፋሪው፣ ረዳቱ፣ ሕፃኑ ሳይቀር! ሚስቴን አልጠላኋትም። ናፍቃኛለች። ግን ሳቁ ሳይበርድ እንዴት ብዬ ላምጣት? ባየኋት ቁጥር እንድናደድ?»

«ታዲያ ምን ይሁንልህ?» አሉት።

«የሚስቁበት ሌላ ሰው ፈልጉላቸው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከድጄ ግን አልሳቀችም። ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች።

«ይሄ ሰውዬ እውነት ተናገረ» አለች። «ዘነበወርቅ፣ አልሸጥሽንም። በክፉ ስላነሳሁሽ አፉ በይኝ። ግን እኛ ሁላችን ተሰምተናል። የኔን ስድብ አማቼ ሰምተውታል። አንቺ ብቻ ንጹሕ ነጠላ ለብሰሽ ተቀምጠሻል። ያንቺም ይሰማ። እኛ በተሰማንበት መኪና፣ ወንድ ባለበት።»

«ካሴቱን ልስጥሽ፤ ያስከፍቱት» አልኋት።

«ካሴትማ እንደገና ይቆረጣል። በአፍሽ።»

ተረፈ «የልጁንም ስም ትጥራ፤ ናዝሬት የኔን ጠርታለች» ሲል ጨመረ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ይሁን አሉ። እኔ ይህን ካደረግሁ ሴቶቹ ወደ ናዝሬት አባት ቤት አብረውኝ ሊሄዱ፣ ተረፈም ደጁን ሊከፍት ቃል ተገባ።

ቀላል ነገር አይምሰልህ። በአሚኑ ሚኒባስ ከሚሳፈረው ግማሹን ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ። ሳልፍ ተነስቶ ወንበር ይለቅልኛል። በዚያ ሰው ፊት ያሳደግሁት ልጅ ናፍቄው እንደማይመጣ በዜማ ልነግር ነው። ለሰው ይቅርና ለራሴም በግልጽ ያልሁት ያን አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱንም ወንድ በማይደርስበት ቦታ። አንተ ያንን ቦታ አፈረስኸው። ስለዚህ አልለምንህም፤ አልረግምህምም። የማሳደጌን ዋጋ አልጠይቅህም። «ልጅዎ» ብለህ መፈረምህን ግን ተው። ስምህ ይበቃል።

ዛሬ ማታ የምጽፍልህ ነገ የማደርገውን ከሌላ ሰው አጣምመህ እንዳትሰማው ነው።

ነገ ከሁሉ አስቀድሜ የቴፑን ባትሪዎች አወጣለሁ፤ ውስጡ ፈሰው እንዳይበሉት። ስፒከሮቹን በየራሳቸው በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ይህን ደብዳቤ ከላይ አድርጌ፣ ወደ ቡታጅራ ለሚመለሰው የበርበሬ ነጋዴ እሰጠዋለሁ። የሴቶቹን ካሴት አስቀርቼ ለከድጄ አስረክባታለሁ። ከዚያ የመጀመሪያው መኪና ሳይሞላ መናኸሪያ እደርሳለሁ። አሚኑን ቴፑን እንዲዘጋ እነግረዋለሁ፤ ይዘጋል፣ ተማሪዬ ነበር። ተረፈ ተቀምጦበት ከነበረው ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። መኪናው ከከተማ ሲወጣ ቀኑን፣ ቦታውንና ስሜን እናገራለሁ። ስምህን እጠራለሁ። ከዚያም እዘፍናለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። አገና ስንደርስ ሴቶቹ ቆመው ከጠበቁኝ አብረን ወደ ናዝሬት አባት ቤት እንሄዳለን። ካልቆሙም መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ብቻዬን እሄዳለሁ።

ዘነበወርቅ